ወንድሞቹን የማይመስል ጥርስ

ይህን የምጽፍላችሁ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልማሳ ሆኜ፣ ቡልቡላ ወፍጮ ቤት እየሠራሁ ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፤ ታገሡኝ። በቀለ እባላለሁ። ዕድሜዬን የሰው እህል ስፈጭ ኖሬ፣ ጉልበቴ ሲደክም ወፍጮውን ለሌላ ትቼ ከባለቤቴ ከዘነበች ጋር ቤቴ ተቀምጫለሁ።

ነገሩ የጥርስ ነገር ነውና ስለ ጥርሳችን ልንገራችሁ። በእኛ ዘመን ከመቂ እስከ ቡልቡላ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡኒ ነው። አንዳንዱ እንደ ሻይ ቀላ ያለ፣ አንዳንዱ እንደ ሸክላ የጠቆረ፣ መሐል መሐሉን ነጭ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት። ጣጣ የለብንም፤ ሁላችንም እንደዚያው ነን። ባለጋሪው ጓደኛዬ ቱፋ «ይሄ የቡልቡላ መታወቂያ ነው፤ አይታደስ፣ አይጠፋ» ይላል።

ዘነበች ግን የደጋ ልጅ ናት፣ ከአሰላ ወዲያ። ለእኔ ስትዳር ጥርሷ ወተት ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን የእኛን ውሃ ጠጥታ ዛሬም ወተት ነው። እኔ ታዲያ በሆዴ አንድ ነገር ይዤ ኖሬአለሁ። ሰዎች «ውሃው ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ውሃው ከሆነ እሷን ለምን ተዋት? ልጃችን ገመቹ የወተት ጥርሱን ጥሎ አዲሶቹ ቡኒ ሆነው ሲበቅሉ «የእኔ ደም ነው» ብዬ ደመደምኩ። ለማንም አልተናገርኩም። የልጁን አፍ ባየሁ ቁጥር ግን እኔ ያበላሸሁት ይመስለኝ ነበር።

ገመቹ አድጎ አዳማ ተማረ፣ እዚያው በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሥራ ያዘ። አንድ የበዓል ሰሞን ሲመጣ ከላይ ያሉት ስድስት ጥርሶቹ ነጭ ሆነዋል። አስለብሶ ነው። ሰፈሩ ሳቀበት፤ እሱ አልሳቀም። እኔም የገዛ ገንዘቡ ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ሜሮን የምትባል ልጅ ወደደ፤ አዳማ ሕፃናት የምታስተምር። አባቷ አቶ ወንድወሰን የሕንፃ ዕቃ መደብር ያላቸው፣ ቤተሰባቸው ከሰሜን ሸዋ የመጣ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ላክን። ቱፋና ሁለት ሽማግሌዎች ሄደው፣ በወጉ ደጅ ቆመው፣ ተቀመጡ ተብለው ተናገሩ። መጀመሪያ «እናስብበት» ተባለ። ሁለተኛ ሲሄዱ የመጣው መልስ ግን ያልተለመደ ነበር።

«የልጁን አባትና እናት በዓይኔ ሳላይ ቃል አልሰጥም አለ» ብሎ ቱፋ ነገረኝ።

«ለምን?»

«እንጃ። ግን ልንገርህ? ሰውዬው አፍ አፋችንን ነበር የሚያየው። ከብት ገበያ ወይፈን የሚገዛ ሰው ከንፈሩን ገልበጥ አድርጎ ዕድሜውን በጥርሱ ሲቆጥር አታውቅም? ልክ እንደዚያ። መንጋጋዬን ሊይዘኝ ነው ብዬ ወደ ኋላ አልኩ።»

ያን ጊዜ ጥርጣሬ ገባኝ። ይሄ ሰው ምን ፈልጎ ነው አፍ የሚያየው?

በዚያው ሰሞን የባቄላ ቆሎ ስቆረጥም የፊት ጥርሴ ከወገቡ ተሰበረ። ገመቹ በስልክ ሲሰማ በማግሥቱ ራሱ መጣ። ይሄም አስጠረጠረኝ። ወባ ጥሎኝ እንኳ በስልክ ነበር የሚጠይቀኝ፤ ለጥርስ ግን ሥራ አስፈቅዶ መጣ።

«አባዬ፣ አቶ ወንድወሰን ቤት ሳንሄድ መሠራት አለበት» አለኝ።

«ቢቆይስ? ጥርስ ነው የሚጠይቁኝ?»

ጫማዬን አቀረበልኝ። ይዞኝ አዳማ ሄደ።

ሐኪሟ ዶክተር ሰናይት የምትባል እጇ ቀላል የሆነች ልጅ ናት። ሥሩን አከመች፤ እንደ ሊጥ ያለ ነገር አስነክሳ ልክ ወሰደች። የተሰበረው ላይ ቆብ እንደሚጠለቅበት ነገረችኝ። «ክራውን» ትለዋለች እሷ፤ እኔ ቆብ ነው የምለው።

«ልጄ» አልኳት «ሌላ ነገር አልፈልግም። ወንድሞቹን ይምሰል።»

በአንድ ዘንግ ላይ የተደረደሩ ጥርሶች አምጥታ አፌ አጠገብ ያዘች። ከነጭ እስከ ቢጫ አለ፤ የእኔን የሚመስል የለም። «ሠሪዎቹ ቀለም ሊቀቡት ይችላሉ…» ብላ ልትቀጥል ስትል ገመቹን አየችው። ገመቹ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱን እኛ እንነጋገራለን ዶክተር።»

እኛ ማለት እነማን እንደሆኑ አልገባኝም። የጥርሱ ባለቤት እኔ ነኝ፤ እኛ የተባለው ውስጥ ግን የለሁበትም። ወደ ቡልቡላ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይህችን ቃል ሳመነዥክ ሄድኩ።

ቆቡ ደርሷል ተብዬ የተመለስኩት ሐሙስ ነው። እሑድ አቶ ወንድወሰን ቤት እንድንሄድ ተቀጥሯል። ዶክተሯ አጠለቀችልኝ፣ አስነከሰችኝ፣ ሞረድ ሞረድ አድርጋ መስታወት ሰጠችኝ።

ነጭ ነው። በጭቃ ግድግዳ ላይ አንድ ሴራሚክ የተለጠፈ መሰለኝ። አፌን ከፈት ሳደርግ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ እሱ ብቻ ይታያል።

«ልጄ፣ ይሄ የእኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው አባባ።»

«ተሳስቶ የሌላ ሰው እንዳይሆን።»

«በልክዎ የተሠራ ነው።»

«ልኩስ ልክ ነው። መልኩ ነው እንጂ።»

አሁንም ገመቹን አየችው። ገመቹ መስታወቱን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደ። «ይለመዳል አባዬ። ቆንጆ ነው።»

«ለጊዜው በቀላል ማጣበቂያ ነው የያዝኩት» አለች ዶክተሯ። «ነገ ጠዋት ይመለሱ።»

«ነገ ደግሞ ለምን?»

ተያዩ። «ለማየት ነው» አለ ልጄ።

ከሰዓት በኋላ ገመቹ የተከራየው ቤት ብቻዬን ተቀምጬ ምላሴ ከዚያ ጥርስ ላይ አልነሳ አለኝ። ለቱፋ ደወልኩ።

«ነጭ?» አለ ቱፋ። «የሞተ ሰው ጥርስ እንዳይሆን ብቻ!»

«አንተ ደግሞ! የተሠራ ነው እኮ።»

«የተሠራ ከሆነ እንደ ትዕዛዝህ ለምን አልሠሩትም? እኔ ጋሪዬን ቀይ ቀባልኝ ብዬ አረንጓዴ ቢሰጠኝ ዝም እላለሁ? ወይ ሐኪሟ አታላሃለች፣ ወይ…»

«ወይ ምን?»

«ወይ ሌላ ያዘዘ ሰው አለ።»

ስልኩን ዘግቼ ብዙም ሳይቆይ ገመቹ ከሥራ ተመለሰ። በሩን ሳይገባ ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ ሮቶ አጠገብ ቆሞ በስልክ ያወራል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነበር።

«አዎ… እሑድ ሳይደርስ ያልቃል… የለም፣ አያውቁም።»

የማያውቀው ማነው? አቶ ወንድወሰን ናቸው? ወይስ እኔ? ገብቶ «እንዴት ዋሉ አባዬ» ሲለኝ ፊቱን አየሁት። ነጭ ጥርሱን አሳይቶ ፈገግ አለ። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ልጄን ፈገግታ አላመንኩም። ራት አቅርቦ አብረን በላን፤ እኔ በአንድ ጎን እያኘክሁ፣ እሱ ወደ አፌ እያየ። ልጠይቀው ብዬ ተነሳሁና መልሼ ተውኩት። መልሱን ፈራሁት መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት ወሰደኝ። እሱ ውጭ ቀረ፤ እኔ ወንበሩ ላይ ተዘረጋሁ፤ ያ ትልቅ መብራት ዓይኔ ላይ በራ። ዶክተር ሰናይት መርፌ ይዛ ጎንበስ አለች።

«ትንሽ ይቆነጥጣል አባባ። ከዚያ አምስቱን አንድ ላይ እንሞርዳቸዋለን።»

እጄን አነሳሁ። «የማንን አምስት?»

ሳቀች። «የእርስዎን ነዋ። ከላይ የቀሩትን አምስቱን። ዛሬ ሞርደን ጊዜያዊ ነጭ እናለብሳቸዋለን፤ ዋናዎቹ በኋላ ይመጣሉ።»

«ጥርሶቼ ምን ሆኑ? ታመዋል?»

«የለም፣ ጤነኛ ናቸው። ጠንካሮች ናቸው እንዲያውም።»

«ታዲያ ጤነኛ ጥርስ ለምን ይሞረዳል?»

አሁን ሳቋ ጠፋ። «ነጩን እንዲመስሉ ነዋ። ለዚህ አይደል እሱን ነጭ ያደረግነው? ልጅዎ አልነገረዎትም?»

ተጋድሜ ጣሪያውን አየሁ። ለካ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው! እኔ ቆቡ ለምን ጥርሴን አልመሰለም እያልኩ ስጨነቅ፣ ጥርሶቼ ናቸው ቆቡን እንዲመስሉ የታዘዘባቸው።

ዶክተሯ መርፌውን ሳህኑ ላይ መለሰች። ፊቷ ቀላ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ‹አባዬ ተስማምተዋል› ሲለኝ አመንኩት። ትልቅ ሰው ይዞ የሚመጣ ልጅ ሁልጊዜ እሱ ነው የሚያወራልን። እኛም ከልጁ ጋር መጨረስ ለምደናል። እርስዎን መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ጥሪልኝ» አልኳት።

ገመቹ ገባ። የእኔን ፊት አየ፣ የእሷን አየ፣ የዶክተሯ ጎማ ያላት ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«ትናንት በስልክ ‹አያውቁም› ያልከው እኔን ነው?»

«ሰሙኝ? ለሥራ ባልደረባዬ ነው የነገርኩት።»

«መስኮቱ ክፍት ነበር። ጤነኛ ጥርሴን ሳትጠይቀኝ ልታስሞርድ ነው? ወይፈን እንኳ ገመድ ሲጣልበት ያያል እኮ ልጄ።»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። የሜሮን የአክስት ልጅ አንድ የመቂ ልጅ ልታገባ ነበር፤ ጥርሱ እንደ እኛ። አቶ ወንድወሰን ገበታ ላይ ሳሉ «ይሄ በዘር የሚሄድ ነገር ነው፤ በቤተሰቤ አፍ ላይ ማየት አልፈልግም» አሉ። ገመቹ ጥርሱን አስለብሶ እዚያው ገበታ ላይ ነበር።

«እጄን ታጥቤ ተነሳሁ አባዬ። እርስዎን ሲያዩ የእኔንም ያውቃሉ። ሜሮንን አጣታለሁ።»

«እሷስ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ። ቡልቡላ ውሰደኝ ስትለኝ ምክንያት እፈጥራለሁ።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ግን በምን አፌ? እኔም እኮ የአቶ ወንድወሰንን ነገር በሆዴ ይዤ ነው የኖርኩት። ወደ ዶክተሯ ዞርኩ።

«ልጄ፣ ልጁ አልተሳሳተም። ደሜ ነው። ሚስቴ ያንኑ ውሃ እየጠጣች ጥርሷ ነጭ ነው፤ ልጁ እኔን ነው የወጣው።»

ዶክተሯ ግራ ገብቷት አየችኝ። «ባለቤትዎ በስንት ዓመታቸው ቡልቡላ መጡ?»

«ስትዳር ነዋ። ሙሉ ልጃገረድ ሆና።»

«አባባ» አለች፣ ወንበሯን አስጠግታ «ውሃው የሚያበላሸው ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ ገና ሲሠራ ነው። በልጅነት። እሳቸው ሲመጡ ጥርሳቸው በቅሎ አልቆ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቢጠጡትም ቀለሙን አይለውጠውም። የእርስዎና የልጅዎ ግን ገና ሲሠራ ነው የጠጣው። ደም አይደለም። ዘርም አይደለም።»

ሸክላ ሠሪዎችን አውቃለሁ። ጭቃው እርጥብ ሳለ የገባበት ነገር አብሮ ይተኮሳል፤ ተተኩሶ ካለቀ በኋላ ግን የፈለገው ውሃ ቢቀዳበት ገላው አይለወጥም። ይህን ያህል ዘመን ሸክላ ሲሠራ እያየሁ ይህን አላሰብኩም። የልጄን አፍ እያየሁ ራሴን የከሰስኩበት ጊዜ ሁሉ መጣብኝ። መብራቱ ዓይኔ ላይ ስለነበር ዕንባዬን በእሱ አሳበብኩ።

ዶክተሯ ቆቡን በቡኒ ላስቀይርልዎት አለች። ለእሑድ ግን አይደርስም። አውልቄ ጊዜያዊ ላድርግ ብትለኝ «ተይው፤ እንዲሁ እሄዳለሁ» አልኳት።

ገመቹ ብድግ አለ። «አባዬ፣ ይሄማ ከሁሉም የባሰ ነው! አንዱ ነጭ፣ አምስቱ ቡኒ! ሲያዩ ምን ይላሉ?»

«ይጠይቁኛል። እነግራቸዋለሁ። የአንተን አንተ ትነግራቸዋለህ።»

«አልችልም።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

ወጥቶ ሄደ። ማታ ዘግይቶ ገባ፤ ሳንነጋገር ተኛን። ቅዳሜ በጠዋት ወጣ፤ ስልኩ ዝግ ሆነ። ዘነበችና ቱፋ ከቡልቡላ ሲደርሱ ልጁ የለም። ዘነበች ስትሰማ «ልጄን አስደንግጠህ አባረርክብኝ?» ብላ አኮረፈችኝ። ቱፋ ጥርሴን አይቶ «ከቡኒ ዶሮ መሐል አንድ ነጭ አውራ ዶሮ!» ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ ማንም አልተከተለውም። ይመጣል? ይቀራል? ቢቀር ለሰውዬው ምን እላለሁ?

እሑድ ሦስታችን ባጃጅ ይዘን ሄድን። ገመቹ ከአቶ ወንድወሰን በር ማዶ፣ ጥላ ሥር ቆሟል። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ዓይኑ ግን እንቅልፍ አላየም። የእናቱን እጅ ይዞ ገባ።

አቶ ወንድወሰን ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሜሮን ለስላሳ አቀረበችልን፤ ደርባባ ልጅ ናት፣ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል አነሳኋት። ጨዋታ ስንጀምር ሰውዬው እውነትም አፌን ያዩኛል። እኔም አፌን በእጄ አልሸፈንኩም።

«አቶ በቀለ» አሉ «ልጅዎ ቤቴን ካወቀ ሰነበተ። አገርህ ወዴት ነው ስለው ‹ወደ ባቱ መንገድ› ይለኛል። ቤተሰብህስ? ‹ደህና ናቸው›። ደህና የሆነ ቤተሰብ ለምን አይታይም? እውነቱን ልንገርዎት፤ እዚያ ሚስት አለችው ብዬ ነው የጠረጠርኩት።»

«በስመ አብ!» አለች ዘነበች።

«ሽማግሌዎቹን አፍ አፋቸውን ሳይ የነበረው ለዚህ ነው። የሚዋሽ ሰው ከንፈሩ ይደርቃል።»

ቱፋ ሳይታወቀው ከንፈሩን በምላሱ አራሰ።

እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ፤ ግን ዋጥ አድርጌ «ሚስት የለውም ጌታዬ» አልኩ። «የደበቀው ይሄን ነው።» ከንፈሬን በጣቴ ወደ ላይ ገልብጬ አሳየኋቸው። ቡኒዎቹን ሁሉ፤ መሐል ላይ ያን ነጭ።

ጎንበስ ብለው አዩ። «ይሄ… በዘር የሚመጣው አይደለም?»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር የኖርኩት። ዓርብ ነው የተፈታልኝ።» የውሃውን ነገር እንደ ተነገረኝ ነገርኳቸው። ወደ ዘነበች አዩ፤ «ባለቤትዎ ግን…» አሉ። የሸክላውን ምሳሌ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። ከዚያ የፈራሁት መጣ።

«ልጁ ግን ጥርሱ ነጭ ነው።»

ሜሮን በሩ አጠገብ ባዶ ትሪ ይዛ ቆማለች። ልናገርለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነከስኩት።

«ከላይ ያሉት ስድስቱ የተሸፈኑ ናቸው» አለ ገመቹ። «ውስጣቸው እንደ አባዬ ናቸው። እርስዎ ስለዚያ የመቂ ልጅ ሲናገሩ ፈራሁ። ሜሮን… ለአንቺም አልነገርኩሽም።»

ሜሮን አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እሱን አለፍ ብላ እኔን አየችኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ሌላ የደበቀኝ ነገር አለ?»

«የለም ልጄ! በእግዚአብሔር ስም…» ብሎ ቱፋ ሊምል እጁን ሲያነሳ ያዝኩት። ገመቹ አየኝ። ሕፃን ሆኖ ሲታመም የሚያየኝን አስተያየት ነው ያየኝ። አንድ «የለም» ብል ነገሩ ያልቃል። ግን እኔ ራሴ ከሐሙስ ጀምሮ ስጠረጥረው የከረምኩ ሰው፣ በምን ልማል?

«ልጄ» አልኳት «የማውቀውን ልንገርሽ። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ ሰው አይበድልም። እናቱን ይወዳል። ሲፈራ ይደብቃል፤ ይሄንንም ገና ዓርብ ነው ያወቅሁት። የማላውቀውን ግን አልምልልሽም። እሱን ራሱን ጠይቂው፤ ዛሬ ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜም።»

ዘነበች በክርኗ ጎሸመችኝ፤ የገዛ ልጁን ጉድ የሚያደርግ አባት አየች። ገመቹ መሬት መሬት ያያል። አለቀለት ብዬ አሰብኩ።

አቶ ወንድወሰን ለስላሳቸውን አስቀመጡ። «ሁለቴ መጥተው ስለዚህ ልጅ ያልማለ ሽማግሌ አልነበረም» አሉ። «ይሄኛው አባቱ ሆኖ አልማለም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እኔ የምጠይቀውን ጨርሻለሁ። አንቺስ?»

«እኔ አልጨረስኩም» አለች ሜሮን። «ቡልቡላ ይውሰደኝ። እዚያ እጨርሳለሁ።»

እሺም እምቢም ሳይባል ተነሳን። በር ላይ ስንደርስ ገመቹ ክንዴን ያዘኝ። ተቆጥቶ እንደሆነ፣ ተደግፎኝ እንደሆነ አላወቅሁም። እስከ ባጃጁ ድረስ አልለቀቀኝም።

ሜሮን ከወንድሟ ጋር ቡልቡላ መጣች። ጎረቤት ሁሉ በኦሮምኛ ሰላምታ «አካም» እያለ ተቀበላት፤ በዚያ ሁሉ ቡኒ ጥርስ ተሳቀላት። ገመቹ ውሃውን የጠጣንበትን፣ አሁን ግን የተዘጋውን የድሮውን ጉድጓድ ሊያሳያት ወሰዳት፤ እዚያ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቅሁም። ሲመለሱ የሁለቱም ዓይን ቀልቷል። መኪና ልትሳፈር ስትል ወደ እኔ መጥታ «አባባ፣ ጥያቄዬን ጨረስኩ» አለችኝ። መልሱ በኋላ በአባቷ በኩል በወጉ መጣልን።

ዶክተሯ ቆቡን አስቀየረችልኝ። አዲስ አበባ ያሉት ሠሪዎች «ቡኒ? ስህተት አይደለም?» ብለው ደውለውላት ነበር አሉ። ነጭ ነጠብጣቡ ሳይቀር ሠሩት። ባደረግሁት ቀን ቱፋ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲያወራ ውሎ ምንም አላየም። የገመቹ ግን የተሞረደ ስለሆነ አይመለስም። «ሽፋኑን በቡኒ ልለውጠው?» ብሎ ሜሮንን ቢጠይቃት «ተወው፤ አሁን አውቄዋለሁ» አለችው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ልጆች፣ አባታችሁን ወይ እናታችሁን ሐኪም ቤት ስትወስዱ ስለ እነሱ ፈጥናችሁ አትናገሩ። ጆሯቸው ቢከብድም፣ ቃሉ ባይገባቸውም፣ አፉ የእነሱ ነው። እናንተ ደግሞ እንደ እኔ ያረጃችሁ፣ በሆዳችሁ የያዛችሁት ክስ ካለ ለአንድ የሚያውቅ ሰው አውጥታችሁ ጠይቁ። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ደሜን ጠረጠርኩ፤ ልጄም የእኔን ጥርጣሬ ሳልነግረው ወርሶት ኖሯል። ጥርሱን ያወረሰው ውሃው ነው፤ ፍርሃቱን ግን ከእኔ ነው የወሰደው ብዬ አስባለሁ።

ሰርጉ ተደገሰ። ፎቶ አንሺው ትጉህ ልጅ ነው፤ አልበሙን አሳምሮ አመጣ። ስንገልጥ እኔም፣ ቱፋም፣ የቡልቡላ ሰው ሁሉ ጥርሳችን በረዶ መስሏል። ሳንጠይቀው በኮምፒውተር አጽድቶልን ነው። ዘነበች በሳቅ ወደቀች። ሜሮን ግን አልበሙን ዘግታ ስልኳን አነሳች።

«ወንድሜ፣ ሥራህ ቆንጆ ነው» አለችው። «ግን የአማቴን ጥርስ የት አደረስከው? መልስልኝ።»